ድራይቨሩ ነው ወይስ ስሎቱ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሊኑክስ በተጫነባቸው ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ያገለገሉ ኢንቴል ኤክስ520 ባለ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርዶች ገጥመን ነበር። አንደኛው የሰካንለትን የፋይበር ሞጁል (የፋይበር ገመዱን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ መሰኪያ) «የማይደገፍ ነው» ብሎ አልቀበልም አለ። ሁለተኛው ካርድ ግን፣ ሞጁሉ ከገመዱ ጋር በተያያዘ የመዳብ ኬብል ከስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን ከሚያገናኘው መሣሪያ) ጋር ቢገናኝም፣ ከዋናው ሰርቨር ጋር ሲፈተን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 ጊጋቢት እምብዛም አያልፍም። ሻጩ «ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ስላረጀ ከኢንተርኔት አዲስ አውርዱ» ብሎናል። እናውርድ?

መልስ፦ አያውርዱ። የዚህ ካርድ ድራይቨር ከሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት ከሆነው ክፍል) ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ የገጠመዎትም አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

በአንደኛው ኮምፒውተር ድራይቨሩ የሞጁሉን መታወቂያ አንብቦ ከተፈቀደላቸው መካከል ስላላገኘው ነው በሩን የዘጋው። «አላው አንሰፖርትድ ኤስኤፍፒ» (allow_unsupported_sfp) የሚባለውን የድራይቨሩን ቅንብር 1 አድርገው ድራይቨሩን ከከርነሉ አስወጥተው እንደገና ቢያስገቡት ይቀበለዋል። የመዳብ ኬብሉ ተቀባይነት ያገኘውም ድራይቨሩ ለዚህ ዓይነቱ ኬብል የአምራች ስም ስለማይጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ስዊቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ እኔ ብሆን ፋይበሩን ትቼ ኬብሉን እመርጥ ነበር። በፋይበር ከቀጠሉ ግን በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሞጁሎች በአንድ የሞገድ ርዝመት የሚሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ 850 ናኖሜትሩ ከ1310ው ጋር አይግባባም።

ሁለተኛው ግን የስሎት (በማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ጉዳይ ይመስለኛል። ካርዱ የተሠራው 8 የመረጃ መተላለፊያ መስመር ላለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ለሚባለው የስሎት ዓይነት ሲሆን፣ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ሲያዩት ረጅም የሆነ ስሎት ከውስጥ የተዘረጋለት መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ መስመር በንድፈ ሐሳብ 4 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ በተግባር 3 ገደማ ማግኘትዎ አያስደንቅም። መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ጣርማበር ዋሻ ላይ ሲደርስ መኪናው ተራ መጠበቁን እናንተ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የከርነሉን መልእክቶች ካርዱ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ቢያነቧቸው፣ «4 ጊጋቢት ብቻ አለ፤ ካርዱ ግን 32 ይችላል» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ሳያገኙ አይቀሩም። ካገኙት ካርዱን ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስሎት ያዛውሩት።

የደብረ ብርሃን ብርድም አያዘናጋዎት፤ ካርዱ የራሱ ማራገቢያ የለውምና በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አየር የሚነፍስበት ማራገቢያ ይግጠሙለት።