ለቮልስ 1300 ኢንጀክሽን ያዋጣል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምትነዳት ቮልስ ቤንዚን ስለፈጀችብህ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አውጥቼ ኢንጀክሽን (ቤንዚን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ) ላስገባ ወይ ብለሃል። ይቻላል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሜክሲኮ ለሚሠራት ቮልስ አስገብቶላታል። ግን ግፊቱ ከፍ ያለ ፓምፕ፣ ሴንሰርና ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስተካክልልህ ሰው። ወጪውን ከቤንዚን ቁጠባ እመልሳለሁ ካልክ ዕድሜ ይስጥህ!

እኔ ብሆን ፑንቲናውን (ለእሳቱ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን መቆራረጫ) አስወጥቼ በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን እተካዋለሁ። እዛው ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ውስጥ ስለሚገባ የመኪናዋ መልክ አይነካም።

ዋናው ነገር ግን ከፍታው ነው። ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተለካ ጂግለር (የካርቡሬተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍታና እየው። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ አንድ ቁጥር ጠበብ ያለ ጂግለር አስሞክር። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ተወው። ከነጣ ግን ወዲያው የድሮውን ጂግለር መልሰው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፣ ቫልቭ ያቃጥላል። አዋሽ ድረስ የምትወርድ ከሆነማ የድሮውን ጂግለር ይዘህ ውረድ።

የቫልቩንም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስለካው።