አስፋልቱ አዲስ ነው፤ መኪናዬ ለምን ያንገጫግጨኛል?

ጥያቄ፦ ለ18 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። በቅርቡ በተመረቀ አስፋልት ላይ ባዶዬን ስመለስ ወገቤ ይንቀጠቀጣል። መሐንዲሶቹ ግን «ተለክቷል፣ ለስላሳ ነው» ይላሉ። በምንድን ነው የምትለኩት? እኛን ሾፌሮችንስ ለምን አትጠይቁንም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወገብዎ አልዋሸዎትም።

ልኩ አይአርአይ (ዓለም አቀፍ የመንገድ ሻካራነት መለኪያ) ይባላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ከተደረገ ትልቅ ሙከራ የወጣ ነው። አንድ የቤት መኪና ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ሞላው በየኪሎ ሜትሩ በድምሩ ስንት ሜትር ይወጣል ይወርዳል? ቁጥሩ ይኸው ነው። ፍጹም ለጥ ያለ መንገድ 0 ነው። ደህና አዲስ አስፋልት 2 አካባቢ ይሆናል፤ የተበላሸ ኮረኮንች 10ን ያልፋል።

የቤት መኪና ማለቴን ልብ ይበሉ። የእርስዎ ባሌስትራ (የጭነት መኪናው ሞላ) ለጭነት የተሠራ ነው። ባዶ ሲሆን አይተጣጠፍም፤ እያንዳንዱን ጉብታ ለወንበርዎ ያቀብላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ አማካይ ነው። አንድ ክፉ የድልድይ መገጣጠሚያ በረጅሙ ደህና መንገድ ውስጥ ይዋጣል። እኔ በበኩሌ አማካዩን ብቻ አይቶ መንገድ መረከብ አይዋጥልኝም።

እኔ ሥራውን የተማርኩት ሜርሊን በሚባል መሣሪያ ነው። ፊቱ የብስክሌት ጎማ አለው፤ ከጎማው እስከ ኋላ እግሩ 1.8 ሜትር ነው። መሐሉ ላይ አስፋልቱን የሚነካ ጣት አለ። ጣቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ላይ ያለው ጠቋሚ ቀስት ወረቀት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ቆሜ ቀስቱ ያረፈበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። 200 ጊዜ! ከዚያ ከሁለቱም ጫፍ አሥር አሥር ምልክት ትቼ የቀረውን ስፋት በማስመሪያ እለካለሁ። 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ አይአርአዩ 3.4 ገደማ ነው። ፀሐይ ላይ ጎንበስ ቀና ማለቱ ያደክማል፤ ግን እያንዳንዷን ስርጉድ በእጅ ታውቃታለህ። ዛሬ መኪና ላይ የተገጠመ ሌዘር ይህን እየነዳ ይሠራዋል።

ሰው መጠየቁም አዲስ አይደለም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ የመንገድ ሙከራ፣ ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው መንገዱን ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡት ነበር። የመሣሪያው ንባብ ከነሱ ስሜት ጋር ነው የተነጻጸረው።

ስለዚህ ሲመለሱ የኪሎ ሜትር ድንጋዩን ቁጥር፣ ፍጥነትዎንና ባዶ ወይም ጭነት መሆንዎን ይመዝግቡ። ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከነጠረ፣ ወረቀቱን ይዘው መንገዱን ወደሚጠግነው ክፍል ይሂዱ። ቦታውን ለይተው ካሳዩ፣ አማካዩን ትቶ ያችን ስፍራ ብቻዋን መለካት ይቻላል።