የትኛው ክላስ ቶሎ አይወድቅም? ጥያቄና መልስ ለሐዋሳ ዲ ኤንድ ዲ ተጫዋቾች

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በወረቀትና በዳይስ፣ ገጸ ባሕርይ ይዘን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ) ጠረጴዛ የሚከበው ሰው እየበዛ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ደግሞ ያው ስለ ክላሶች፣ ማለትም ተጫዋቹ ስለሚመርጣቸው የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች፣ ጥንካሬ ነው። የላካችኋቸውን ሰብስቤ እነሆ እየመለስኩ ነው። ቁጥሮቹ አብዛኞቻችን ከምንጫወትበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አምስተኛው ዕትም የተወሰዱ ናቸው።

ከአቶቴ፦ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነበር። ዊዛርዴ በሁለት ቀስት ተዘረረ፤ ባርባሪያኑ ጓደኛዬ ግን አምስቴ ተመትቶም ቆሞ ነበር። ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው) አድልቶ ነው?

አላደላም፣ ሒሳቡ ነው። እያንዳንዱ ክላስ የራሱ ሂት ዳይስ፣ ማለትም ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) የሚወሰንበት ዳይስ፣ አለው። የባርባሪያን ባለ 12 ጎን ነው። ተዋጊዎቹ ፋይተር፣ ፓላዲንና ሬንጀር ባለ 10 ይዘዋል፤ አስማተኞቹ ዊዛርድና ሶርሰረር ባለ 6። የቀሩት፣ ፈዋሹ ክለሪክም፣ ሌባው ሮግም፣ ዘፋኙ ባርድም፣ ባለ 8 ናቸው። ሌቭል 1 (የመጀመሪያው ደረጃ) ላይ የዳይሱን ትልቁን ቁጥር ትወስድና የኮንስቲቲዩሽንህን (የጤንነትህን) ጭማሪ ትደምርበታለህ። አንተ +2 ካለህ ኤችፒህ 8 ነው፤ እሱ +3 ካለው 15።

አሁን ቀስት የወረወረባችሁን ጎብሊን፣ ያን ትንሽ ጭራቅ፣ እይ። ቀስቱ ባለ 6 ዳይስ ሲደመር 2 ይጎዳል፤ በአማካይ 5 በለው። ሁለት ጊዜ ሲያገኝህ 10 ሆነ፣ አለቀ። ጓደኛህ ግን ሬጅ (የባርባሪያን ቁጣ) ውስጥ ስለነበር ከሰይፍ፣ ከቀስትና ከዱላ የሚመጣው ጉዳት ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው። 5 ሲገመስ 2 ነው፤ የተረፈው ግማሽ ይጣላል። አምስት ጊዜ 2፣ 10። ገና 5 ቀርቶታል።

ሌቭል 5 ስትደርሱ አንተ 32፣ እሱ 55 ትሆናላችሁ። ሬጁ ሲታከልበት ለሰይፍ 110 እንደማለት ነው። ለእሳት ግን ተራ ሬጅ ምንም አያደርግለትም፤ በዚያው ሌቭል አንተ የምትማረው የእሳት አስማት፣ ፋየርቦል፣ በአማካይ 28 ያቃጥላል። ስለዚህ ጓደኛህን ብዙ አታስቀይመው ብዬ የምመክረው እሱን ነው።

ከመናኸሪያ፦ ባለ 12 ጎን ዳይስ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ ያለው የሉዶ ብቻ ነው።

የሉዶው ለዊዛርድ ይበቃል። ለሌላው ከ1 እስከ 12 ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ጠቅልላችሁ ሲኒ ውስጥ ክተቱና ዕጣ አውጡ። ያወጣችሁትን መልሳችሁ መክተት አትርሱ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ሰው ዕድል ይዛባል። የስልክ አፕም አለ፤ መብራት በሄደበት ማታ ግን ባትሪ መቆጠብ የምትፈልጉ ይመስለኛል። ለኤችፒ ከሆነ ደግሞ ዳይስ ባትጥሉም ሕጉ ይፈቅዳል፦ ከሌቭል 2 ጀምሮ ባለ 6 የያዘ 4፣ ባለ 8 የያዘ 5፣ ባለ 10 የያዘ 6፣ ባለ 12 የያዘ 7 ብሎ ይወስዳል። ከእውነተኛው አማካይ በግማሽ ነጥብ ስለሚበልጥ እኔ ሁሌም ይሄን ነው የምመርጠው።

ከታቦር፦ ጋሼ፣ ኤሲ ነው ኤችፒ የሚበልጠው?

ጀማሪ ኤችፒ ያያል፤ ቆየት ያለ ሰው ኤሲ ያያል። ኤሲ ማለት ጠላት አንተን ለመምታት በባለ 20 ጎን ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባ ቁጥር ነው። ጎብሊን በዳይሱ ላይ 4 ይጨምራል። ጋሻና ቼይን ሜይል (የሰንሰለት ጥሩር) የያዘ ፋይተር ኤሲው 18 ስለሆነ ጎብሊኑ 14 እና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፤ ከመቶ 35 ጊዜ ይሳካለታል። ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) +2 የሆነ፣ ምንም ያልለበሰ ዊዛርድ ኤሲው 12 ነው። እሱን ከመቶ 65 ጊዜ ያገኘዋል። ማለት ፋይተሩ ኤችፒው ከዊዛርዱ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ዕድሜው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም።

“ዊዛርድም እኮ ሜጅ አርመር አለው” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይህ የመከላከያ አስማት ኤሲውን 15 ያደርስለታል። ሊመታ ሲል ሺልድ የተባለውን ሌላ አስማት ከጠራ ደግሞ እስከሚቀጥለው ተራው 20 ይሆናል፤ ጎብሊኑ የሚሳካለት ከመቶ 25 ብቻ ነው፤ ከፋይተሩም በለጠ! ግን ሌቭል 1 ላይ ያሉት ስሎቶች (አስማት የሚጠራባቸው ዕድሎች) ሁለት ናቸው። አንዱን ለሜጅ አርመር፣ አንዱን ለሺልድ ካዋለ በቃ፣ እስኪያርፍ ድረስ የሚቀረው ስሎት የማይበሉት ትናንሽ አስማቶች፣ ካንትሪፖች፣ ናቸው። የፋይተሩ ብረት አያልቅበትም። ሲኖትራክና ባጃጅ አንድ መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ ባጃጁ ግን መጠምዘዝ ስለሚችል እንጂ መጋጨት ስለሚችል አይደለም የሚተርፈው።

ከሐይቅ ዳር፦ ሮግ ባለ 8 ብቻ ሆኖ ለምን አይሞትም?

ስለሚሸሽ። ከሌቭል 2 ጀምሮ ወግቶ በዚያው ተራ መደበቅ ወይም ማፈግፈግ ይችላል። ሌቭል 5 ላይ በየዙሩ አንድ ምት ይገምሳል፤ ሌቭል 7 ላይ ከፋየርቦል ጭራሽ ሳይነካ ሊወጣ ይችላል። በር ላይ ቁም ካላችሁት ግን እንደማንም ይሞታል።

ከአንዲት እናት፦ ልጄ ስልክ ላይ “ሞቼ ነበር፣ ክለሪኩ አነሳኝ” ሲል ሰማሁ። ምንድን ነው የምትጫወቱት?

ስላስደነገጥንዎት ይቅርታ፣ እናቴ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው። የልጅዎ ገጸ ባሕርይ ኤችፒው 0 ሲደርስ ራሱን ስቶ ይወድቃል እንጂ ወዲያው አይሞትም። በየተራው ባለ 20 ጎኑን ይጥላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ ተሳካ ይባላል። ሦስቴ ከተሳካለት ይረጋጋል፣ ሦስቴ ከከሸፈበት ግን ይሞታል። ክለሪኩ በ60 ጫማ ርቀት ውስጥ ካለ በአንዲት ቃል ያነሳዋል፤ የሰሙትም ይሄንኑ ነው።

ለተጫዋቾች አንድ ነገር ልጨምር። ከ0 በታች የተረፈው ጉዳት ሙሉ ኤችፒህን ካከለ እዚያው ነው የምትሞተው፤ ዳይስም የለም። ከ8 ኤችፒ 3 የቀረው ዊዛርድ 11 ቢመታ አለቀለት። ከ15 ውስጥ 3 የቀረው ባርባሪያን ግን ለዚህ 18 ያስፈልገዋል።

ከፒያሳ፦ ድሮም እንዲህ ነበር?

የባሰ ነበር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት ሁሉም ባለ 6 ዳይስ ነበር የሚጥለው፤ ክላሶቹ የሚለያዩት በዳይሱ ብዛት ነው። በ1975 ተጨማሪው መጽሐፍ ለተዋጊ ባለ 8፣ ለአስማተኛ ባለ 4 ሰጠ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው ዕትምም ዊዛርዱን በ4 ነው ያስቀረው፤ “የቤት ድመት ትገድለዋለች” የሚለው ቀልድ ከዚያ ዘመን ነው። ተመሳሳዩ ጨዋታ ፓዝፋይንደር በ2019 በወጣው ሁለተኛ ዕትሙ ዳይሱን ትቶ በየሌቭሉ ለዊዛርድ 6፣ ለባርባሪያን 12 ቁርጥ አድርጎ ይሰጣል። ኮል ኦቭ ክቱሉ በተባለው ሌላ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ክላስም የለም፤ የሚቆጠረው የሰውነትህ ግዝፈትና ጤንነትህ ነው።

ከቱላ፦ ዲኤም ነኝ። ዊዛርዱ እንዳይሞትብኝ ኤችፒ ልጨምርለት?

እባክህ አትጨምር። ከጨመርክለት ፋይተሩ ፊት መቆሙ ለምን ይጠቅማል? ይልቅ ጎብሊኖችህ ቅርብ ያለውን ይምቱ፤ ከሩቅ ሆነው ለይተው ዊዛርድ የሚያድኑት ብልጥ አለቃ ሲኖራቸው ይሁን። መሸሸጊያም ስጠው፣ ግንብም ይሁን የተገለበጠ ጋሪ። ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) የሚጠይቅ አስማት ይዞ ሲመታ 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ላይ በኮንስቲቲዩሽን ዳይስ መድረስ እንዳለበት፣ አለዚያ አስማቱ እንደሚቋረጥም አስታውሰው። ሶርሰረር በዚህ ሥልጠና አለው፣ ዊዛርድ የለውም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው።

ከዳቶ፦ ፓላዲን ወይስ ባርባሪያን?

ቡድናችሁ ውስጥ ክለሪክ ከሌለ ፓላዲን፤ ሌቭል 5 ላይ በእጁ ዳሶ 25 ኤችፒ ይመልሳል። ክለሪክ ካላችሁ ባርባሪያን።