የእንባ መውረጃን በካሜራ ስለመመርመር

ጥያቄ፦ የእናቴ ቀኝ ዓይን ያለማቋረጥ ማንባት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪማቸው የእንባ መውረጃ መስመሩን በውኃ አጥበው መዘጋቱን ከነገሯቸው በኋላ ውስጡ በቀጭን ካሜራ ሊታይ እንደሚችል ገለጹላቸው፤ እናቴ ግን ካሜራው ዓይናቸው ውስጥ የሚገባ መስሏቸው እጅግ ፈርተዋል።

መልስ፦ እናትዎን ያረጋጉልኝ፤ መሣሪያው ወደ ዓይን ኳስ አይገባም። እንባ በላይኛውና በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ፣ በአፍንጫ በኩል ካሉት ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተነሥቶ በቀጫጭን ቦዮች ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያም በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሙ አካባቢውን አደንዝዞ ቀዳዳውን በጥቂቱ ካሰፋ በኋላ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለውን፣ ኢንዶስኮፕ የተባለውን ቀጭን ካሜራ ያስገባል፤ በመሣሪያው በኩል የሚፈሰው ንጹሕ ጨዋማ ውኃ መስመሩን ሲከፍትለት የውስጡን ግድግዳ በስክሪን ላይ ይመለከታል።

የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም፣ እንደ እኔ እምነት፣ ማጠብ የማይመልሰውን ጥያቄ መመለሱ ነው። ማጠብ መዘጋቱን ይናገራል፤ የዘጋው ጠጠር፣ ጠባሳ፣ የረጋ ንፍጥ ወይም እባጭ መሆኑን ግን አይለይም። ጥበቱ ከፊል ከሆነ በዚያው እያዩ ከፍተው የሲሊኮን ቱቦ ሊያስቀምጡ ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከከረጢቱ ወደ አፍንጫ አዲስ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ነው።

በዓይንና በአፍንጫ መካከል ቀይ፣ የሚያም እብጠት ካለ አስቀድሞ ኢንፌክሽኑ ይታከም። ከእንባው ጋር ደም ከታየ ደግሞ ሳይዘገዩ ለሐኪሙ ይንገሩ።