መነፅር የሚያደርግ ልጅ ፓይለት መሆን ይችላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ አብሽሪ። ወንድምሽ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ፓይለት ካልሆንኩ እንዳለ፣ ለሩቅ እይታ ማይነስ 2 መነፅር እንደሚያደርግ፣ ሰው ደግሞ «መነፅር ያለው አይወስዱም፣ ገንዘብ አሰባስባችሁ ዓይኑን በሌዘር አሠሩት» እንዳላችሁ ጽፈሻል። ደሴ ላይ የዓይን ምርመራ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የሚመጣ ልጅ አይጠፋም።

ሌዘሩን ለጊዜው ተዉት። ተሳፋሪ ይዞ ለሚበር አብራሪ የሚጠየቀው የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ ነው፤ በእንግሊዝኛ ክላስ ዋን ይባላል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ያንብቡ ይላል፣ በመነፅርም ቢሆን። 6/6 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ6 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ ነው፤ 6/9 ደግሞ ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር። በመነፅር ያነበበ መነፅሩን አድርጎ ይበርራል፣ መለዋወጫ መነፅርም እጁ በሚደርስበት ያስቀምጣል። ሌላ በሽታ የሌለበት ማይነስ 2 አብዛኛውን ጊዜ በመነፅር 6/6 ይደርሳል። ቁመት፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ውጤት እያለ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የቀጣሪው የራሱ መስፈርት ነውና እሱን በወጣ ጊዜ ራሳችሁ አንብቡት፤ በወሬ አትመኑ።

እኔን የሚያሳስበኝ ያልጠየቅሽው ነው፦ ቀለም። አንዳንድ ልጅ ይመጣል፣ ጎበዝ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ግን ኢሺሃራ የሚባለውን የቀለም መፈተኛ ነጠብጣብ ገጾች ስገልጥለት ቁጥሩ አይታየውም። ቤተሰብ ይደነግጣል፣ «ኧረ ቀዩን ቀይ ይላል እኮ!» ይላሉ። ይላል፤ ቲማቲም ቀይ መሆኑን ማን አጣው። የአውሮፕላኑ ሬዲዮ ሲበላሽ ግን ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የሚሰጠው ምልክት ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ብርሃን ነው፤ የአውሮፕላኑም የግራ ክንፍ መብራት ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ ነው። ይህን ችግር መነፅርም ቀዶ ጥገናም አያስተካክለውም፤ ባለቀለም መነፅር አድርጎ ለመፈተንም አይፈቀድም። ኢሺሃራን የወደቀ ሁሉ ግን አበቃለት ማለት አይደለም፣ የአቪዬሽን መብራቶችን ቀለም ለይቶ መናገር ከቻለ ሊያልፍ ይችላል። ነገሩ በእናት በኩል ስለሚወረስ የእናታችሁ አባት ወይም ወንድሞቿ ቀለም ያምታቱ እንደነበር ጠይቂ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህ ይቅደም።

ሌዘሩን ተዉ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ ጋ በአለርጂ ምክንያት ዓይኑን እያሸ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የዓይን ብሌናቸው እየሳሳ ወደፊት ይሾላል፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ሌዘር መሥራት ማባባስ ነው። የመነፅሩ ቁጥር በየዓመቱ የሚጨምር ልጅም ገና አልረጋምና አይሠራለትም። ቢሠራለት እንኳ ዓይኑ እስኪረጋ ሳይጠበቅ ለበረራ ብቁ አይባልም። ላላስፈለገ ነገር ከብት መሸጥ አይታየኝም።

ከዓይን ውጭ ያለውን ባጭሩ። ጆሮ በማሽን ይለካል፣ የልብ ምርመራ በኢሲጂ ይደረጋል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወጋ በዚሁ መስፈርት አያልፍም። ከደሴ ሐረጎን ሲወርድ የሁላችንም ጆሮ ይደፈናል፣ ምራቅ ሲውጡ ይከፈታል። የእሱ ሳይከፈት የሚቆይና የሚያመው ከሆነ ለጆሮ ሐኪም ይታይ፤ በበረራ ወሳኝ ነገር ነው። ጫት ከጀመረ ይተው። አትቆጪኝ፣ ወሎ ስለሆንን ነው የምናገረው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የሱስ ነገርም ከሚጣራው ውስጥ ነው።

የደሴ ሆስፒታል ወረቀት ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። ማረጋገጫው የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና በሰጠው መርማሪ ሐኪም በኩል ነው። እዚህ የሚታየው ለራሳችሁ ቁርጡን እንድታውቁ ነው። አንዴ አልፎም አያበቃም፤ በሙያው እስካለ ድረስ ቢያንስ በየዓመቱ ይመረመራል።

ፈቃዱ በደረጃ ነው። በዚያው ዓለም አቀፍ መስፈርት የግል አብራሪነት ከ17 ዓመት ጀምሮ 40 የበረራ ሰዓት፣ የንግዱ ከ18 ዓመት ጀምሮ 200 ሰዓት ነው፤ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሲሆን 150 ይበቃል። ዋና አብራሪ የሚያደርገው ትልቁ ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የመነጋገር ችሎታ ቢያንስ ደረጃ 4 መሆን አለበት፣ በ4 ያለፈ በየሦስት ዓመቱ ይፈተናል። ወንድምሽ እስከ ፈተናው ቀን ጊዜ ካለው እንግሊዝኛውን ያጥብቅ።

ቀለሙ እንቢ ካለ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ሥራም ይዘጋበታል፣ እዚያም ቀለም ይጠየቃል። የበረራ ዕቅድ የሚያዘጋጁት ዲስፓቸሮች ግን በዓለም አቀፉ መስፈርት የጤና ማረጋገጫ አይጠየቁም።

ወደ ምርመራ ስትልኪው የድሮ መነፅሮቹን በሙሉ ይዞ ይሂድ፣ የተሰበረም ቢሆን። ቁጥሩ ቆሟል ወይስ እየጨመረ ነው የሚለውን ከእነሱ ለክቶ ማወቅ ይቻላል።