ማታ ወጥቶ ጠዋት የሚጠፋው ሽፍታ

ሰሞኑን ስለ ኡርቲካሪያ፣ ማለትም ድንገት እያበጠ ስለሚያሳክከው ሽፍታ፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አራቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ሰውነቴ እየተቆጣ ያብጣል። ሐኪም ጋ ስደርስ ግን ምንም የለም። ውሸታም መሰልኩ እኮ!

መልስ፦ አይዞሽ፣ ጠባዩ ነው። የቆዳ ህዋሳት ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ሲለቁ ከደም ሥር ፈሳሽ ይወጣና ቆዳው ያብጣል። አንዱ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ሌላው በሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሲወጣ ፎቶ አንሺው። አንዱን በእስክሪብቶ ክበቢና ሰዓቱን ጻፊ። እዚያው ቦታ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም ሲጠፋ የበለዘ ምልክት ከተወ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ሦስት ወር አለፈኝ። እንቁላል ተውኩ፣ ወተት ተውኩ፣ ዓሣ ተውኩ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በከንቱ ነው የተራብከው። ሽፍታው ከ6 ሳምንት ካለፈ ሰበቡ ምግብ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ገደማ ይታያል፤ ያንኑ በበሉ ቁጥርም ይመለሳል። ያንተ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ መንስኤው አይገኝም። ከምግቡ ይልቅ የሕመም ማስታገሻ ኪኒንህን ተመልከት፤ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ሊያባብሱት ይችላሉ። ሕክምናው እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ፣ ሂስታሚንን የሚያግድና እንቅልፍ እምብዛም የማያመጣ መድኃኒት ነው። ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ይወሰዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ሁለት ቀን ደህና ሲሆን ይተወዋል። ካልበቃ ሐኪም መጠኑን እስከ አራት እጥፍ ሊጨምረው ይችላል፤ በራስህ ግን እንዳትሞክረው። ያም ካልሠራ ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ አለ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን ለወራት መዋጥ ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ጥያቄ፦ ልጄን ላቅፍ ፈራሁ። ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። እቀፊው።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ስነካ እጄ ያብጣል። ዋና ልጀምር ነበር።

መልስ፦ ሐኪም ሳያይህ እንዳትገባ! መላ ሰውነት በአንዴ ሲቀዘቅዝ የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ፣ ውሃው ውስጥ ራስህን ልትስት ትችላለህ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ክንድ ላይ በረዶ ለ5 ደቂቃ ያህል ተይዞ ቆዳው ሲሞቅ ያብጥ እንደሆነ ይታያል። ብርድም ይሁን ሌላ፣ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ኪኒን ውጦ መጠበቅ የለም። አድሬናሊን መርፌ ያስፈልጋል፤ በቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል!