ያስነጠሱ ዶሮዎች ቢድኑም ነገሩ አያልቅም

ሁለት አዳዲስ ቄቦችን ከስድስቱ ነባር ዶሮዎችዎ ጋር በቀላቀሉ በአሥረኛው ቀን ማስነጠስ እንደ ጀመሩ፣ ዓይናቸው አረፋ እንደሚያወጣ፣ ሌሊት ጉሮሯቸው ሲር ሲር እንደሚልና ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን በጥብጠው ቢያጠጧቸውም ለውጥ እንዳላዩ ጽፈዋል። እኔም ያንኑ መድኃኒት አጠጥቼ ስድስት ቀን በከንቱ ጠብቄአለሁ።

ምልክቱ ከማይኮፕላዝማ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ይህ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ አሞክሲሲሊን ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድለው ግድግዳውን አላሠራ በማለት ነው። ስለዚህ የሚይዘው ነገር የለም። ለእኔ ዶሮዎች የእንስሳት ሐኪም አይቶ ያዘዘው ታይሎሲን ነበር። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከታዘዘልዎ ግን በሕክምናው ቀናት የኖራ ድንጋይና የእንቁላል ቅርፊት ከመኖው ያውጡ፤ ካልሲየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። መድኃኒት ያለበትን ውሃ በየቀኑ ይለውጡ፣ ሌላ የሚጠጡት ውሃም አይኑር። እንቁላሉን ከስንት ቀን በኋላ መብላት እንደሚቻል ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይነሡ።

ፊታቸው ካበጠና የአፍንጫቸው ፈሳሽ ከሸተተ ነገሩ ኮራይዛ ወደሚባለው ሌላ የባክቴሪያ በሽታ ያደላል፤ እርሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንጋውን ያዳርሳል። አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ኩስ፣ ተከታታይ ድንገተኛ ሞት ካዩ ግን ፈንግል ወይም የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ፍለጋውን ይተዉት። የሞተውን ሳይከፍቱ፣ ማንንም ዶሮ ከግቢ ሳያስወጡ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ትልቁ ስሕተቴ ከመድኃኒቱም የባሰ ነበር። እንዳይበርዳቸው ብዬ ቤቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሐኪሙ ሲመጣ ጎንበስ ብለህ በዶሮዋ ቁመት ተንፍስ አለኝ፤ ዓይኔ አነባ። ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ የመተንፈሻ ቧንቧን ጠራጊ ፀጉሮች ስለሚያበላሽ ለካ በሽታውን የምቀልበው እኔው ነበርኩ። ጉዝጓዙን ጠርጌ አውጥቼ ከቆጡ በላይ አየር ማስወጫ ከፈትሁ፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታቸው ብቻ ተጠነቀቅሁ።

በአምስተኛው ቀን ሲርሲርታው ጠፋ። ደስታዬ ግን ላባ እስኪቀይሩ ድረስ ነበር፤ ያኔ ሁለቱ እንደገና አስነጠሱ። ማይኮፕላዝማ የያዛት ዶሮ ብትድንም ተሸካሚ ሆና ትቀራለች፣ በእንቁላሏም ለጫጩቷ ታስተላልፋለች። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፦ መንጋውን አስወግዶ እንደ አዲስ መጀመር፣ ወይም መዝጋት። እኔ ዘጋሁት። አዲስ አላስገባሁም፣ አልሸጥሁም፣ አላስፈለፈልሁም። ተሸካሚ መሆኗን እያወቀ ዶሮውን ገበያ የሚያወጣ ሰው ያናድደኛል። ባክቴሪያው ከዶሮ አካል ውጭ ብዙ ቀን ስለማይቆይ፣ የመጨረሻዋ ካለፈች በኋላ ቤቱን አጥቤ ለጥቂት ሳምንታት ባዶ አቆየሁት። አሁን አዲስ ዶሮ ለ30 ቀናት በሌላ ጥግ፣ በሌላ መጠጫ ትቆያለች፤ የምመግባትም ከነባሮቹ በኋላ ነው።

ቄቦቹን ዛሬ መለየት ለነባሮቹ ዘግይቷል፤ ሁሉም አንድ አየር ተንፍሰዋል። ለብቻ ማድረግ ያለብዎ በጣም የደከመችውን ነው፤ ሌሎቹ ከመጠጫው እንዳይገፏት። ዓይኗ ከተጣበቀም ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ይጠቡላት፤ ካላየች አትበላም።